የጓዴ ግድብ

መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን ምሳሌ ሰው ሁሉ ከአባቱ የወረሳት ይመስል በየሸንጎው ይጠቅሳታል። የወጣችው ግን ከኛ መንደር ነው፤ ባትወጣ ይሻለን ነበር።

ወንዛችን ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲደፈርስ ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ላይኛው ጠጠር ላይ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው በፍልሰታ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሣል፤ እስኪቋጭ ድረስ ዓሣው ይበላል። ዓሣ አጥማጁ ጓዴ ግን ለክርክር ጊዜ አልነበረውም። ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው፤ ልጆቹን እስከ እሸት የሚያደርሳቸው ወንዙ የሚጠብበት ቦታ ላይ የሚጥለው መረቡ ነበር።

ያ ቦታ የጓዴ መሬት ነው። ሽንኩርት የሚተክለው አቶ አዱኛ አንድ ቀን መጣና፣ «እዚህ ላይ ልገድበው» አለው። «ውሃው ለሽንኩርቴ፣ ግድቡ ውስጥ ያለ ዓሣ ሁሉ ላንተ።»

ጓዴ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ሚስቱ ሙሉአዳም ግን፣ «ዓሣው የሚመጣው ከታች ነው። በየት በኩል ይግባ?» አለችው።

«ዓሣ አይደለም እንዴ? ውሃ ካለ ይመጣል።»

ግድቡ ተሠራ። በነሐሴ ነጩ ዓሣ እንደ ልማዱ መጣና ግንቡ ሥር ተከማቸ። ይዘላል፣ ግንቡን ይመታል፣ ይወድቃል። መንደሩ እንቁላሉን ያልጣለውን ዓሣ በእንቅብ ዛቀው። ጓዴም የድርሻውን ዛቀና ሚስቱን፣ «ይኸው!» አላት። ይህን ባወራሁ ቁጥር ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም ጭራሽ ቀረ። ጓዴ መረቡን ይዞ ግድቡ ዳር ከረመ፤ የያዘው ጭቃና እንቁራሪት ነው። ልጆቹ በጎመን ብቻ ሰነበቱ፤ ትንሿ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀረ። በዚያ ፍልሰታ ስለ ዓሣ የተከራከረ ሰው አልነበረም።

ጓዴ አዱኛን ሽማግሌ ፊት አቆመው። «ዓሣው ያንተ ነው ብሎኝ፣ ይኸው ልጆቼ ጦማቸውን አደሩ!»

«አንድም አልነካሁበት» አለ አዱኛ። «ግድቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ዛሬም የሱ ነው።»

ሽማግሌው ባላምባራስ ታፈረ ወደ ጓዴ ዞረው፣ «አሁን እዚያ ዳር ተቀምጠህ የምትጠብቀው ምንድን ነው?» አሉት።

«ዓሣውን ነዋ፣ ጌታዬ።»

ባላምባራስ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡና ነጠላቸውን እያስተካከሉ እንዲህ አሉ፦ «ወንዝ ገድቦ ዓሣ ጠባቂ፣ ደጅ ዘግቶ እንግዳ ናፋቂ።»