የቢያድግልኝ እፍኝ

ድሮ ነው ልጆቼ፣ አገራችን ጉም አፋፍ ዛሬ ያለው መንገድ ሳይወጣለት፣ አያቴ ገና ጎረምሳ ሳሉ። የማወራችሁን ከእሳቸው አፍ ነው የሰማሁት፤ ማንም ሌላ ቢላችሁ እንዳትሰሙ።

ቢያድግልኝ የሚባል ድሃ ሰው ነበር። ሥራው ወፍጮ መውቀር ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ አይፈጭም፤ በሹል ብረት እየነቆሩ ማሻከር ያስፈልጋል። እሱም ጎህ ሲቀድ ይነሳና ከቤት ቤት እየዞረ ይወቅራል። ሚስቱ ሞታበታለች። ያለችው ይመኙሻል የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ ናት።

አንድ ክረምት ገላው ሽፍ አለ። መጀመሪያ እጁ፣ ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ ፊቱ። ይቀላል፣ ጉብ ጉብ ይላል፣ ያሳክካል። ከሰዓት ይጠፋል። ጧት ይመለሳል። የሚሄድና የሚመጣ በሽታ ደግሞ ከሚቀመጠው ይልቅ ያስፈራል። ሀገሩ ፈራ። እጁ ያልነካው ወፍጮ የለምና፣ «በዱቄታችን ገብቶ ሊጨርሰን ነው» አሉ። እሱም ራሱን ፈራ። ልጁን መሳም ተወ።

የሚያሳብጠኝ ምግብ ይሆናል ብሎ ሽምብራ ተወ። ሽፍ አለበት። ተልባ ተወ። ሽፍ አለበት። ወተት ተወ፣ በርበሬ ተወ፣ በመጨረሻ በንፍሮ ብቻ ሰነበተ። አሁንም ሽፍ አለበት። ከስቶ አጥንቱ ሲወጣ ሰዉ «በሽታው እየበላው ነው» አለና ይብሱን ሸሸው።

በሯን ያልዘጋችበት ደብሬ የምትባል ባልቴት ብቻ ናት። አንድ ውርጭ የጣለበት ጧት ቤቷ ሲደርስ፣ ገብስ ፈጭታ ገና ማብቃቷ ነው።

«ግባ ልጄ። እኔን ሞት እንኳ ረስቶኛል፣ ያንተ ጉብጉብ ምን ያደርገኛል?» አለችው።

ክንዱን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ወቅሮ ጨረሰ። እጁን አየ፤ ምንም የለበትም። ድንጋዩን ዳሰሰ፤ ሲፈጭበት ስለነበር ሞቋል። ልቡ ጠረጠረ። በማግስቱ ውርጭ ያደረበትን ድንጋይ በቀኝ ክንዱ፣ ምድጃ ዳር ያደረውን በግራ ክንዱ አስቀምጦ ቆየና አነሳቸው። ግራው ደህና ነው። በቀኙ የድንጋዩን ቅርጽ የያዘ እብጠት ተነሳ።

«ብርዱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ግን ማን ይስማው? ያን ሳምንት ሁለት ሕፃናት ታመው ነበር። ሽማግሎቹ ተቀምጠው ቆረጡ፤ ወይ ሰባት ጧት ጠበል ይግባ፣ ወይ ልጁን ትቶ ከሀገር ይውጣ።

«ጠበሉን እወደዋለሁ፤ ብርድ ነው የሚያሳብጠኝ፣ ትንሽ ይሙቅልኝ» ብሎ ለመነ።

«ጠበል የሚፈራው ማን እንደሆነ እናውቃለን» አሉት።

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ስለ ልጁ ሲል ገባ።

ጠበሉ ገደል ሥር ነው፣ ፀሐይ አያየውም። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው እስከ አንገቱ ነከሩት። ገላው በአንድ ጊዜ ተነሳ። ከንፈሩ አበጠ፣ ዓይኑ ተከደነ፣ ጉሮሮው ጠበበ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም።

ሕዝቡ «ሊለቅ ነው! አጥብቃችሁ ያዙት!» እያለ ጮኸ።

ደብሬ በምርኩዟ ሰዉን እየገፋች ወረደች። «የሚለቀው ጋኔን አይደለም፣ ነፍሱ ናት! ልጅቷን ማን ሊያሳድጋት ነው?» አለች። አንዱ ጎረምሳ ለቀቀ። ቆይቶ ሌላውም ለቀቀ። በደብሬ ጋቢ ጠቅልለው እሳት ዳር አስተኙት። ሲያጣጥር ቆይቶ ትንፋሹ ደህና ሆኖ የተመለሰው እኩለ ቀን ላይ ነው።

ሲያገግም የደብሩ ቄስ ራሳቸው ቀዝቃዛውንና የሞቀውን ድንጋይ በሰው ሁሉ ፊት በክንዱ ላይ አኖሩ። አነሱ። አዩ። አለቀሱ። «ከእንግዲህ ጠበሉ በእንስራ ሆኖ ፀሐይ ይምታው። ቢሞቅ በረከቱ አይሄድም» አሉ።

በሽታው እስኪሞት አልለቀቀውም። ግን አወቀው። ውርጭ ሳይነሳ ከቤት አይወጣም፤ ወንዝ አይሻገርም፤ ያልሞቀ ድንጋይ አይደገፍም። ልጁንም እየሳመ አሳደገ።

ዛሬም በጉም አፋፍ ወቃሪ ሲመጣ የቤቱ ሴት አስቀድማ አንድ እፍኝ ገብስ ፈጭታ ድንጋዩን ታሞቃለች። የቢያድግልኝ እፍኝ ይባላል። በሰው ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሲገኝም «ሰው ሳትከስ ድንጋይ ዳስስ» ይባላል።

አያቴ ይህን ሲነግሩኝ ሁልጊዜ እጃቸውን ያያሉ። ከሁለቱ ጎረምሶች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«ቀድመው የለቀቁት እርስዎ ነዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይደለሁም» አሉኝ።

ወንድ እህል አይፈጭም በሚባልበት ሀገር፣ በቤታችን ያቺን እፍኝ እስኪሞቱ የፈጯት እሳቸው ናቸው።