መመለሱን ያልተለማመደው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ ሆስፒታል ጀሶ ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። እጅና እግር ሲሰበር ጀሶ የሚያስር፣ አጥንቱ ሲገጥም ደግሞ ጀሶውን ቆርጦ የሚያወጣ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቷል። ጋሽ ሎምበሶ ይሉታል።

ወገኖቼ፣ የጀሶ መቁረጫ ማሽን ሲሠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያልሰማችሁ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ቆዳ አይቆርጥም፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ። ድምፁ ግን የእንጨት ቤት መጋዝ ነው። ለስድስት ዓመት ሕፃን «ግድ የለም፣ አይቆርጥሽም» ብትሏት ታምናችኋለች? እኔስ ብሆን አምን ነበር? እኔ ከጥርስ ሐኪም ደጃፍ ሁለት ጊዜ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

እናም ጋሽ ሎምበሶ ማሽኑን ባነሣ ቁጥር ልጅ ይጮኻል። እናት ትይዛለች፣ አባት ይይዛል፣ ነርስ ትይዛለች። ገበያ ላይ እንኳ ሲያዩት ከእናታቸው ቀሚስ ኋላ የሚደበቁ ልጆች አሉ። ልጅ ሲያይ ፊቱ የሚፈታ ሰው፣ ልጆች የሚሸሹት ሰው ሆነ። ይህ ነገር ያመው ነበር።

አንድ ቀን ያኔት የምትባል ልጅ መጣች። ከዘይቱን ዛፍ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ጎረቤቱ ሁሉ «ወጌሻ ይሻላል» ሲል አባቷ ተሸክሟት ወደ ሆስፒታል መጣ። ጀሶ ሲታሰርላት አጠገቧ ካለው አልጋ ላይ የአንድ ልጅ ጀሶ እየተቆረጠ ነበር። ማሽኑንም ሰማች፣ ጩኸቱንም ሰማች።

«እኔን እንዳትቆርጠኝ!» አለችው ጋሽ ሎምበሶን።

«እርስዎ በይ እንጂ» አላት አባቷ፤ በዚያ ጭንቅ መካከል!

ጋሽ ሎምበሶ ያንን ፊቷን ሲያይ አላስቻለውም። ከየት እንደመጣለት ሳያውቅ «ጀሶሽ ሲፈታ ማጂክ አሳይሻለሁ፤ ማሽኑን ትረሺዋለሽ» አላት።

«እውነት?»

«እውነት።»

«ማል!»

ማለላት። አትፍረዱበት።

አሁን ማጂክ ስል ሽማግሌዎቻችን እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። አባቶቼ፣ አትደንግጡ። ጥንቆላ አይደለም፤ የእጅ ቅልጥፍና ነው። ዓይን ወዲህ ሲያይ እጅ ወዲያ ይሠራል፤ ሌላ ምንም የለውም።

ታዲያ ሰውዬው የማለው ምንም ማጂክ ሳያውቅ ነው! አምስት ሳምንት ብቻ አለው። በማግስቱ ካርድ ክፍል ወደሚሠራ፣ በወጣትነቱ ሰርከስ ውስጥ ወደነበረ ባልደረባው ሄደ። ባልደረባው ሳንቲም አወጣ፤ መዳፉ ላይ አስቀመጠው፤ ጨበጠው፤ ሲከፍተው ሳንቲሙ የለም።

«ከዚያ ለልጅቷ ጀሶሽ ውስጥ ገብቷል ትላታለህ» አለው። «ራሷ ቶሎ ክፈተው ብላ ትለምንሃለች። ጀሶውን ስትከፍት ሳንቲሙን ከውስጡ ታወጣዋለህ። ጋሼ፣ ማጥፋቱ ግማሹ ነው። መመለሱን እኩል ተለማመድ።»

ጋሽ ሎምበሶ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ቤቱ ሄዶ ከአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ በማስመሪያ አስምሮ ፕሮግራም አወጣ። ሰኞ፣ ሳንቲም አያያዝ። ማክሰኞ፣ ከእጅ ወደ እጅ። ረቡዕ፣ ማጥፋት። ሐሙስ፣ እየተናገሩ ማጥፋት። ዓርብ፣ ከጀሶ ውስጥ ማውጣት። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት። ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ሚስቱ እታገኝ ቆማ አነበበችውና «የቀበሌ ዕቅድ አስመሰልከው እኮ! ማኅተም ብቻ ነው የቀረው» አለችው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳንቲሙ ከእጁ አምልጦ ሽሮው ውስጥ ገባ። «ወጥ ውስጥ ማጥፋት ከሆነ ችለሃል» አለችው እታገኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጣቶቹ መላመድ ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሳንቲሙ ጠፋ! እታገኝ አጨበጨበች። ጎረቤት ተጠርቶ አየ። የእድሩ ጸሐፊ ሳይቀር አይቶ «ድገመው እስቲ» አለ። እሱም ደገመው። ደግሞ ደገመው።

ዓርብስ? የመጀመሪያው ዓርብ የእድር ስብሰባ ነበር። በሁለተኛው ዓርብ «መጀመሪያ ማጥፋቱን አንድ ጊዜ ልሞክረውና ከዚያ» አለ፤ ግማሹ ሰዓት በማጥፋቱ አለቀ። ሦስተኛው ዓርብ ለቅሶ ሆነ። በአራተኛው ዓርብ እታገኝ «መጥፋቱንስ አየን፤ መመለሱን መቼ ነው የምናየው?» ብትለው «እሱ ቀላል ነው! እጅ አንዴ ከተፍታታ ራሱ ይመጣል» አላት። በአምስተኛው ዓርብ ደከመኝ ብሎ ተኛ።

ለምን ይመስላችኋል እንዲህ የሆነው? ሰነፍ ስለነበረ ነው? አልነበረም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አንድም ቀን ከልምምድ አልቀረም። ግን የሚችለው ነገር ደስ ይለው ነበር፤ የማይችለው ነገር ያሳፍረው ነበር። ማጥፋት ያስጨበጭባል። ስለዚህ የሚችለውን እየደጋገመ የማይችለውን ለነገ ያቆየው ነበር። ደግሞም ዕቅዱ ግድግዳው ላይ ስላለ የተሠራ መሰለው።

ቀኑ ደረሰ። ያኔት በአባቷ እጅ ተይዛ መጣች። ገና በሩ ላይ ሆና «ማጂኩስ?» አለች። ጋሽ ሎምበሶ ሳንቲሙን አሳያት፤ ጨበጠው፤ እፍ በይበት አላት፤ እጁን ከፈተ። የለም! ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች።

«የት ሄደ?»

«ጀሶሽ ውስጥ ገባ።»

«እና ክፈተዋ! ቶሎ!»

ማሽኑ ተነሣ። ልጅቷ አልጮኸችም። ማንም አልያዛትም። ክንዷን ራሷ ዘርግታ ዓይኗን ጀሶው ላይ ተክላ ጠበቀች። ወገኖቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው ቀን ነው! ጀሶው ተቆረጠ። አሁን መክፈት ብቻ ቀረ። ለመክፈት ግን ሁለት እጅ ያስፈልጋል። በአንደኛው እጁ መዳፍ ውስጥ ደግሞ ሳንቲሙ ተደብቋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አንድም ቀን አልተለማመደም። ጀሶውን ሲፈለቅቅ ሳንቲሙ ከመዳፉ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ቅጭል አለ፤ ተንከባልሎ የአባትየው ጫማ ሥር ሄዶ ቆመ።

ያኔት ሳንቲሙን አየች። ባዶውን ጀሶ አየች። ቀና ብላ እሱን አየችው።

«ከጀሶው ውስጥ ነው እኮ የወደቀው!» አለ አባቷ፤ ሊሸፍንለት ፈልጎ ነው።

«አይደለም። እጁ ውስጥ ነበር» አለች። «ዋሸኝ።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አባትየው እኮ መውጫ ሰጥቶታል። «አዎ፣ ከጀሶው ነው» ብሎ መሳቅ ይችል ነበር። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ማለት ይችል ነበር። ጋሽ ሎምበሶ ግን ማሽኑን አስቀመጠና ከአልጋዋ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ልክ ነሽ» አላት። «እጄ ውስጥ ነበር። ማጥፋቱን አምስት ሳምንት ተለማመድኩ፤ መመለሱን ግን አንድም ቀን አልተለማመድኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከጀሶ የወጣችው ክንዷ ቀጥና ነጥታ ነበር፤ በሌላው እጇ ታሻታለች። ሐኪሙ በሳምንቱ ለክትትል ተመለሱ ብሏቸው ነበር።

«በሳምንቱ ስመጣ ትችላለህ?»

«እለማመዳለሁ።»

«ማል!»

«አሁንስ አልምልም» አላት። «እለማመዳለሁ።»

ቤቱ እንደገባ ፕሮግራሙን ከግድግዳው ላይ ነቀለው። አዲስ አወጣ፤ አዲሱ ላይ ሰኞ መመለስ፣ ማክሰኞ መመለስ፣ ረቡዕም መመለስ ነበር። ማጥፋቱ ቅዳሜ አምስት ደቂቃ ብቻ ተሰጠው። ከተራረፈ ጀሶ በእታገኝ ክንድ ልክ አንድ ሠራ። የተባረከች ሴት ናት፤ ምሳ በተበላ ቁጥር ክንዷን ትሰጠዋለች። በዚያ ሳምንት እታገኝ ሃያ ሦስት ጊዜ ተሰብራ ሃያ ሦስት ጊዜ ድናለች! ሳንቲሙ ሲወድቅበት እንደ ድሮው ከመጀመሪያው አይጀምርም ነበር። ከወደቀበት ቦታ ነው የሚጀምረው። ዓርብ ስብሰባ አለ ሲሉት «ዛሬ አልመጣም፤ ሰው ቀጥሬያለሁ» አለ።

ያኔት መጣች። በፌስታል ምን ይዛ መጣች መሰላችሁ? የተቆረጠውን የራሷን ጀሶ! አበባ ተሥሎበታል። በዳነው ክንዷ ላይ ራሷ አጠለቀችውና «በል እንግዲህ» አለችው።

ጨበጠ፣ እፍ በይበት አለ፣ ከፈተ፤ ሳንቲሙ የለም። አሁን ግን አልሳቀችም። ትጠብቃለች። ጀሶውን በሁለት እጁ ያዘና ቀስ ብሎ ከፈተው። ትንሽ ዘገየ። የሰርከሱ ሰው ቢያየው አንገቱን ይነቀንቅ ነበር። ሳንቲሙ ግን ከጀሶው መሐል ወጥቶ መዳፏ ላይ ዱብ አለ።

ልጅቷ እንዴት እንደተሠራ ታውቃለች። እጁ ውስጥ እንደነበረ ታውቃለች! እያወቀች ሳቋ ክፍሉን ሞላው። ወደ አባቷ ዞራም «አየህ አባ፣ ተለማምዶ መጣ!» አለች።

ወገኖቼ፣ እናንተ የምትወዱኝ፣ እኔም የምወዳችሁ፣ እስቲ ስሙኝ። እኛ ማጥፋት የማንችል ሰዎች ነን? በአንድ ቃል የልጃችንን ሳቅ እናጠፋለን። በአንድ ዝምታ የትዳራችንን ሰላም እናጠፋለን። የሃያ ዓመት ጎረቤትን በአንድ የአጥር ጭቅጭቅ እናጠፋለን። ጣታችን ፈጥኗል፤ ምላሳችን ደግሞ ከጣታችን ይፈጥናል። መመለሱንስ? መመለሱን ማን ተለማመደ?

«ፍቅር ካለ ራሱ ይመጣል» እንላለን። አይመጣም፤ ያልተለማመዱት ሳንቲም ዱብ የሚለው ሲሚንቶ ላይ ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለው ቃል ልምምድ ይፈልጋል። አፍ ውስጥ ካልተገላበጠ በቀኑ አይወጣም። እናንተ ባሎች፣ ለሚስታችሁ ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ያላችሁት መቼ ነው? እናንተ እናቶች፣ ለልጃችሁስ? ጸሎት አለን፣ ዝማሬ አለን፣ ፕሮግራም አለን። ለመመለሱ የሰጠነው ቀን ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ይውላል።

ከሌላ ሰው አልጀምርም። ታናሽ ወንድሜን ኤርጊቾን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። እንዴት ታውቁታላችሁ? ቤቴ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። በእናታችን ለቅሶ ላይ፣ በሰው ፊት፣ «አንተ በሕይወት ሳለች መቼ ጠየቅካት?» አልኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ይኸው አራት ዓመት ሆነ። እኔ ደግሞ በዚህ አራት ዓመት ውስጥ ስለ ይቅርታ ስንት ጊዜ ሰበክሁላችሁ? እናንተም አሜን አላችሁኝ። አያችሁ፣ የምችለውን ነበር የምደጋግመው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤቱ እሄዳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ባለቤቴን ከፊቴ አስቀምጬ ተለማምጃለሁ። «ኤርጊቾ፣ ያን ቀን የተናገርኩህ ልክ አልነበረም፤ እናታችንን የወደድካት አንተ ነህ።» መሐሉ ላይ ስደርስ ድምፄ ይቆረጣል። ትናንትም ተቆርጧል፤ ዛሬ ጠዋትም ተቆርጧል። በሩን ይክፈትልኝ አይክፈትልኝ አላውቅም። እየተቆረጠም ቢሆን እለዋለሁ።

እናንተስ? አሁን ስሙ ልባችሁ ውስጥ የመጣው ሰው ማን ነው? ሌላ ሰው አትፈልጉ፤ እሱ ነው፤ እሷ ናት። የምትሉትን ቃል እቤት ስትደርሱ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት። ያስቃችሁ ይሆናል፤ ያስለቅሳችሁ ይሆናል። ደግማችሁ በሉት፤ ከዚያ ሂዱ።

በሉ ተነሡ። ጸሎቱን ዛሬ አሳጥረዋለሁ፤ የምንሄድበት ቤት አለን።