ከአሮጌው ኮምፒውተር የወጣው ታሪክ

ዘመኑና አንዳንዱ ነገር ተሳስቶብኝ ይሆናል፤ የሚያውቅ ካለ ያርመኝ። በአንድ ወቅት በፍቼ ከተማ አቶ ወንዳፍራሽ የሚባሉ ጡረተኛ መሬት ቀያሽ ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው በአሮጌ ኮምፒውተራቸው ጽፈው፣ «ስሞት ይህን ያወጣ ልጄ ሰው ፊት ቆሞ ያንብበው» ብለው ነበር። ሲሞቱ ግን ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ጮኾ ቀጥ አለ። ቀብራቸው ታሪክ ሳይነበብበት አለፈ። የቀረው አርባቸው ብቻ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ ከፍራሹ አልተነሱም። ሰው ሲያጽናናቸው «እሺ» ይላሉ። እንባም አልመጣላቸውም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ባላቸው ሳይነገርላቸው እንዳይቀሩ።

የተበላሸው ራም የሚሉት፣ ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚያስብበት ቀጭን ሰሌዳ ነው። የበኩር ልጃቸው አምዴ አዲስ ገዝቶ መጣ። አልገባም። የሰሌዳው ቆረጣ ከመክተቻው ጥርስ ጋር አልገጥም አለ። አምዴ ሞረድ አነሳ።

«አንተ፣ የበር ቁልፍ መሰለህ እንዴ?» አለች እህቱ ትርሲት፣ እጁን ለቀም አድርጋ። በትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች። «በግድ ካስገባኸው ይቃጠላል፤ የአባዬም ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል።» የተበላሹትን ሁለት ሰሌዳዎች ነቅላ በላያቸው የታተመውን በአጉሊ መነጽር አነበበች። «የድሮውን ዓይነት ነው የሚፈልገው። ያውም ሁለት እኩያ። አንዱ ብቻውን አያስነሳውም።»

አምዴ አፈረ። አዲስ አበባ ወርዶ ምናለሽ ተራ ሦስት ቀን ሙሉ ቁርጥራጭ ሲያገላብጥ ሰነበተ። ይዞ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው።

ታናሽየው ልሳኑ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፈ ነው የሚኖረው። የእሱ ኮምፒውተር ከአባቱ ኮምፒውተርም ይበልጥ ያረጀ፣ በአንድ ራም የሚሠራ ነበር፤ ዓይነቱም ያው። ያንኑ አንድ ራም ነቀለው። ሲነቅለው የመክተቻው ፕላስቲክ መያዣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ያ ማሽን ራም አይዝም።

ሁለቱ ጎን ለጎን ገቡ። ኮምፒውተሩ አንዴ ጮኾ ተነሳ። ታሪኩ ታተመና ሁለቱን ገጽ ለእናታቸው ሰጧቸው። ወረቀቱ ገና ለብ ያለ ነበር።

«የማነበው እኔ ነኝ» አለ አምዴ፤ «የተንከራተትኩት እኔ።»

«ሞረድህን ይዘህ ቁማ!» አለች ትርሲት። «ያን ቀን ባልይዝህ ምኑን ታነብ ነበር?»

«እንግዲህ ለኔም ማሽን አርባ ይውጣለት» አለ ልሳኑ። ማንም አልሳቀም። «እማዬ፣ እኔ ልቁም።»

ወይዘሮ እቴነሽ ፊደል አልቆጠሩም። ትርሲት «ላንብብልሽ?» ስትላቸው፣ «የለም፤ ነገ ከሰው ጋር እሰማዋለሁ» አሉ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሦስቱንም ተራ በተራ አዩአቸው።

ይህ የአርባው ዋዜማ ነው። የዚያን ቤት ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁትም ያን ዕለት ነው፤ በማግስቱ ማን እንዳነበበ የነገረኝ የለም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የአባታቸውን ታሪክ ያወጣው የትኛው ልጅ ነው? ወረቀቱስ ለማን ይገባ ነበር?