አልይዝም ያለው ሞርሳ

ተረቴ ዛሬ የሚነሳው ከብረት ሥራ ቤት ነው። ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ የቸኮለም ከእነ ችኮላው ይቀመጥ።

መቂ አጠገብ፣ ከሐይቁ ወዲህ፣ ሽንኩርት የምታለማ አመለወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ጣት የምታህል ቦይ። የውሃ መሳቢያ ፓምፗ ዘንጉ ተበልቶ ከቆመ ሰንብቷል፣ የሽንኩርቱም ቅጠል ቢጫ መሆን ጀምሯል። አዲሱ ዘንግ ተቀርጾ አልቋል፤ የቀረው ሽብልቅ የሚባለው የብረት ቁራጭ የሚገባበት ቦይ ብቻ ነው። ሽብልቁ ገብቶ ዘንጉን ቀበቶ ከሚያዞረው መንኮራኩር፣ ከፑሌጃው ጋር ካላያያዘው ፑሌጃው ለብቻው ይሽከረከራል፣ ውሃም አይመጣም። ዛሬ ካልጠጣ ደግሞ ነገ የሚጠጣ ሽንኩርት አይኖርም። አመለወርቅ በአንድ እጇ ዘንጉን፣ በሌላው ናፍጣ የያዘ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ስንሻው ቤት ገባች። ስንሻው ፍሬዛ የምትባለውን ብረት የምትቦረቡር ትንሽ ማሽን የሚያሠራ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው።

«ስንሻው ወንድሜ፣ ይቺን ቶሎ ቦርቡርልኝ። በዓይንህ ገምተህ ቁረጠውና ልሂድበት።»

«በዓይኔ ገምቼ ከጠመመ ዘንጉ ተበላሸ ማለት ነው፣ እትዬ። ሌላ ደግሞ የለዎትም። ካላመኑኝ መቁረጫውን ይጠይቁት።»

አመለወርቅ ለመጠየቅ የምታፍር ሴት አይደለችም። ፍሬዛዋ አፍ ላይ ወደተንጠለጠለው መቁረጫ ቀና ብላ፣ «መቁረጫ ሆይ፣ ዘንጌን ቁረጥልኝ፤ ፓምፕ አልስብም ብሎ ሽንኩርቴ በውሃ ጥም አለቀ!» አለችው።

«አልቆርጥም» አለ መቁረጫው። «ብረት ሲንቀጠቀጥ ጥርሴን ይሰብረዋል። ሞርሳው ጥርቅም አድርጎ ይያዝልኝና እቆርጣለሁ።»

ሞርሳው በሁለት መንጋጋው ብረት ነክሶ የሚይዝ ነው፤ ከፍሬዛዋ ገበታ ላይ በብሎን ታስሮ ተቀምጧል። «ሞርሳ ሆይ፣ ያዝልኝ፤ መቁረጫ አልቆርጥም ብሎ፣ ፓምፕ አልስብም ብሎ፣ ሽንኩርቴ በውሃ ጥም አለቀ!»

«አልይዝም» አለ ሞርሳው። «ትናንት ለሰያፍ ሥራ አጣመው አሰሩኝ፣ የሚያቃናኝ ጠፍቶ እንደዚያው ቀረሁ። ጠምሜ ብይዝ ቦዩ ይጠምምና ስሜ ይጠፋል። ዳያሉ ቀጥ ማለቴን ይመስክርልኝና እይዛለሁ።»

ዳያሉ ፊቱ ሰዓት የሚመስል መለኪያ ነው፤ በመርፌው የጠማማን ሁሉ ገመና ያወጣል። «ዳያል ሆይ፣ መስክርልኝ፤ ሞርሳ አልይዝም ብሎ፣ መቁረጫ አልቆርጥም ብሎ፣ ፓምፕ አልስብም ብሎ፣ ሽንኩርቴ በውሃ ጥም አለቀ!»

«አልመሰክርም» አለ ዳያሉ። «የቆምኩበት ማግኔት ይወዛወዛል። እኔው እየተወዛወዝኩ ሌላውን ጠማማ ልበል? ማግኔቱ ጥብቅ ይበልልኝና እመሰክራለሁ።»

ምን ታድርግ፣ ወደ ማግኔቱ ዞረች። «ማግኔት ሆይ፣ ጥብቅ በል፤ ዳያል አልመሰክርም ብሎ፣ ሞርሳ አልይዝም ብሎ፣ መቁረጫ አልቆርጥም ብሎ፣ ፓምፕ አልስብም ብሎ፣ ሽንኩርቴ በውሃ ጥም አለቀ!»

«አልጣበቅም» አለ ማግኔቱ። «ከሥሬ የብረት ብናኝ ተጎዝጉዞ በምን ልጣበቅ? ብሩሹ ይጥረግልኝና እጣበቃለሁ።»

«ብሩሽ ሆይ፣ ጥረግልኝ፤ ማግኔት አልጣበቅም ብሎ፣ ዳያል አልመሰክርም ብሎ፣ ሞርሳ አልይዝም ብሎ፣ መቁረጫ አልቆርጥም ብሎ፣ ፓምፕ አልስብም ብሎ፣ ሽንኩርቴ በውሃ ጥም አለቀ!»

«አልጠርግም» አለ ብሩሹ። «ዘይት ጠጥቼ ፀጉሬ ተድቦልቡሏል። በዚህ ፀጉር ብጠርግ መለቅለቅ እንጂ መጥረግ አይሆንም። ናፍጣ ይጠበኝና እጠርጋለሁ።»

አመለወርቅ ትዕግሥቷ አለቀ። «በጨርቅ አትጠርገውም?» አለችው ስንሻውን።

«ጨርቅ ክሩን ጥሎብኝ ይሄዳል።»

«በእጅህስ?»

«ብናኙ እጄ ውስጥ ይሰካል እንጂ አይጠረግም። ናፍጣ ነው የሚሻለው። የኔ አልቋል፣ ማደያውም ዛሬ የለም ብሏል።» ይህን ብሎ ጀሪካኗን አየት አደረገ።

አመለወርቅ አስተያየቱን አይታለች፤ ግን እንዳላየች ሆና ጎንበስ አለች። «ናፍጣ ሆይ፣ እጠብልኝ፤ ብሩሽ አልጠርግም ብሎ፣ ማግኔት አልጣበቅም ብሎ፣ ዳያል አልመሰክርም ብሎ፣ ሞርሳ አልይዝም ብሎ፣ መቁረጫ አልቆርጥም ብሎ፣ ፓምፕ አልስብም ብሎ፣ ሽንኩርቴ በውሃ ጥም አለቀ!»

«አላጥብም» አለ ናፍጣው ከጀሪካኑ ውስጥ። «ክዳኔ በባለቤቴ እጅ ነው። እሷ ትስጠኝና አጥባለሁ።»

«አልሰጥም!» አለች አመለወርቅ፤ ጀሪካኗ ላይ ቁጭ አለችበት። «ለዚህ ናፍጣ ፀሐይ ሲጠብሰኝ ተሰልፌ ነው የዋልኩት። ጠብታው ሁሉ የፓምፑ ነው። ስማኝ ስንሻው፣ በደሌን ልንገርህ! እኔ አልሰጥም ብዬ፣ ናፍጣ አላጥብም ብሎ፣ ብሩሽ አልጠርግም ብሎ፣ ማግኔት አልጣበቅም ብሎ፣ ዳያል አልመሰክርም ብሎ፣ ሞርሳ አልይዝም ብሎ፣ መቁረጫ አልቆርጥም ብሎ፣ ፓምፕ አልስብም ብሎ...»

ሽንኩርቱ ላይ ስትደርስ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። የተናገረችውን በልቧ መልሳ ከጫፉ ጀመረችው። አፈረች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ስንሻው፣ መጀመሪያ ማንን ነው የጠራሁት?»

«እርስዎን» አለ ስንሻው፤ ሳቁን ለመዋጥ ጺሙን እያሻሸ።

«ታዲያ ዝም ትለኛለህ?»

«የእርስዎን ናፍጣ ይስጡኝ ማለት ከበደኛ፣ እትዬ።»

ተነሳች። ክዳኑን ፈታች፣ በዚያው በክዳኑ ቀድታ ጣሳ ውስጥ ገለበጠችለት። ናፍጣ ብሩሽን አጠበ፤ ብሩሽ ብናኙን ጠረገ፤ ማግኔት ጥብቅ አለ፤ ዳያልም ሊመሰክር ቆመ። የሞርሳውን መንጋጋ ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሰ ሲሄድ መርፌው ወደ ጎን ሸሸ። ስንሻው ብሎኖቹን አላልቶ በእንጨት መዶሻ ሞርሳውን ቀስ እያለ መታ መታ አደረገ፤ ዳያሉ እንደገና ዳሰሰ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ብሎኖቹን አጠበቀና ለእርግጠኛነቱ ዳያሉን ሌላ ዙር ቢያስኬደው መርፌው ዘለለ።

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ብሎኑ ሲጠብቅ ሞርሳውን ገፍቶታል። ትንሽ ነች፤ ከቸኮሉ ግን...»

አመለወርቅ ሰዓቱን አሰበች፣ ቢጫውን ቅጠል አሰበች። «ድገመው» አለች።

ደገመው። ብሎኖቹን አንዱን ካንዱ እያፈራረቀ ጥቂት በጥቂት አጠበቀ፤ መርፌው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳያል መሰከረ፤ ሞርሳ ዘንጉን ነክሶ ያዘ፤ መቁረጫ ያለ አንዳች ጩኸት ቆረጠ። ጣት የምታህል ቦይ ወጣች። ሽብልቁን ቢያስገባው ሳይላላ፣ ሳይወጠርም ገባ።

አመለወርቅ ከቤቷ የደረሰችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ዘንጉ ተገጠመ፣ ፑሌጃው ያዘው፣ ፓምፑ ትህ ትህ ብሎ ሳለ፣ ተንተከተከ፣ ውሃውን ሳበ። ውሃው በመጀመሪያው መስመር ገባ፣ ወደ ሁለተኛው አለፈ፣ አፈሩም ሲጠጣ ይሰማል። አመለወርቅ እግሯ እስኪርስ መሐሉ ቆማ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

እኔም ተረቴን አጥብቄ አሰርኩ፤ የላላ ቦታ ያገኘ ቁልፍ አምጥቶ ያጥብቅልኝ።