ጭቃ ይፈራዋል የተባለው ቸርኬ

ጂሩ ውስጥ ሰው ለታይታ ሲንጠራራ የምንተርታት አንዲት ተረት አለች። ዛሬ የከተማ ልጆች ሳይቀሩ ይሏታል፤ ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የሚያውቁትም ሲያወሩ ሦስቱን ሽማግሌዎች ሁለት ያደርጓቸዋል። የሚጎድለው እኔ ነኝ። ስለዚህ እዚያው ከነበረ ሰው ስሙት።

እነዋሪ ከተማ ዘርጋው የሚባል የእህል ነጋዴ ነበር። በፒካፑ ከየገጠሩ ስንዴና ምስር ይሰበስባል። መኪናዋ ያን ጊዜ የምታምር አልነበረችም። ቸርኬዋ፣ ማለት ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ጥቁርና የተቦረቦረ ነው። ጎማዋ ግን ጥርስ አለው። የእኛን መረሬ፣ ያንን ሐምሌ ላይ በሬ የሚያሰምጥ ጥቁር አፈር፣ እየነከሰች ትወጣው ነበር።

በሰኔ አዲስ አበባ ገባና አንድ ጎማ ሻጭ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አሳየው።

«እስቲ ፊትህን እየው» አለው ሻጩ።

ዘርጋው ጎንበስ ብሎ ቸርኬው ውስጥ ፊቱን አየ። ፊቱን ወደደው።

«ክረምት ይችላል?»

«ምን ማለትህ ነው ወንድሜ! ዝገት አያውቀውም። ጭቃ ራሱ ይፈራዋል!»

ዘርጋው ጥቁሮቹን ቸርኬዎች ከነጥርሳም ጎማቸው ሰጠና የሚያብረቀርቁትን ከልሙጥ ጎማ ጋር አስገጥሞ መጣ። ሻጩ በልዋጩ ላይ አንድ ቢጫ መወልወያ ጨርቅ መረቀለት። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ጭቃ ይፈራዋል» ይል ጀመር። እኔንም ብሎኛል። ሰላም ሳይለኝ ነው የነገረኝ።

ዘርጋው የሚፈልጋት ልጅ ነበረች፤ ስንዱ እንግዳሸት። እሷም ትፈልገዋለች፤ ምስር ሲሸጡ ሲገዙ ተግባብተው ከርመዋል። አባቷ አቶ እንግዳሸት ግን ሌላ ጠያቂም ነበረባቸው፤ ከማዶ ያለ የባለ በቅሎዎች ቤተሰብ ለልጁ ሊያጫት ይፈልጋል። ሰውየው ከማንም መጣላት ስላልፈለጉ ለሁለቱም ወገን አንድ ቃል ላኩ፦ «እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቀድሞ ደጄ የቆመውን ሽማግሌ እሰማለሁ። ኋላ የመጣው እንግዳዬ ነው፤ በልቶ ይሄዳል።» አቶ እንግዳሸት ቃላቸውን አያጥፉም። ዘርጋው ቀድሞ ካልደረሰ ስንዱ ሄደች ማለት ነው።

ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። መምሬ ሀብተየስ፣ አቶ ወንድይፍራውና አቶ በዛብህ። አቶ በዛብህን ዋዜማው ዕለት ወገባቸውን ያዛቸው። እኔ ተጠራሁ። ስሜ ተካልኝ ነው። ስሜን እያዩ ይመስለኛል ሰው ሲጎድል የሚጠሩኝ። የዘርጋው አባት ተዝካር ላይ ከድንኳኑ ውጪ ያስቀመጡኝም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

«ጋሽ ተካልኝ፣ አንተ መናገር አያስፈልግህም» አለኝ ዘርጋው። «ሽማግሌ ሦስት መሆን ስላለበት ነው። ዝም ብለህ ቁም።»

መምሬን «እርስዎ» ይላል፤ አቶ ወንድይፍራውንም «እርስዎ» ይላል። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ይህን ለመለየት ግን አምስተኛ መድረስ አያስፈልግም።

ጠያቂ ለራሱ ሽማግሌ ሲልክ አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው። ዘርጋው ግን «መኪናዋን ማን ይነዳታል?» አለ። መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አጠገቡ ሆኑ። እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ከትርፍ ጎማው ጋር ወጣሁ። ትርፍ ከትርፍ ጋር።

ጠዋቱን ዘንቦ አባርቷል። መንገዱ ኮረት እስካለው ድረስ ደህና ሄድን። የመጀመሪያዋን ወንዝ እንደተሻገርን ዘርጋው አቆመና ወርዶ አራቱንም ቸርኬዎች በቢጫው ጨርቅ ወለወለ። ጠጠር ሁለት ቦታ ጭሮበታል። ጭረቱን በምራቁ አሸው። አልለቀቀም። ትንሽ ሄደን ኩሬ ረጨብን፤ ደግሞ አቆመ።

«ልጄ፣ ቅዳሴ እኮ አለቀ» አሉት መምሬ በመስኮት።

«መምሬ፣ አማች የሚያየው መጀመሪያ ቸርኬውን ነው።»

«እኔ አማት አለኝ። ቸርኬ ጠይቃኝ አታውቅም።»

ከጉብታው ላይ ስንደርስ የአቶ እንግዳሸት ቆርቆሮ ታየን። ደጃቸው ላይ ማንም አልቆመም። ቀድመናል። በእኛና በቤቱ መሃል የቀረው አንድ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ግን መረሬ ነው። መረሬ ውስጥ የገባ ነጂ አይቆምም፤ ቀስ እያለም ቢሆን ይሄዳል እንጂ። ይህን የማያውቅ ሕፃን ጂሩ ውስጥ የለም። ዘርጋውም ያውቃል፤ ከቁልቁለቱ ተንደርድሮ ገባና ልሙጡ ጎማ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተም ቢሆን ሜዳውን አጋመስነው።

ያን ጊዜ ስንዱና እናቷ ወደ በረንዳ ወጡ። ዘርጋው እነሱን አየ፤ ቀጥሎ በመስታወቱ ቸርኬውን አየ። ቸርኬው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

ቆመ።

«ምነው?» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ቸርኬው ጠቆረ።»

«ይጥቆራ!»

«በጥቁር ቸርኬማ ድሮም እመጣ ነበር!» ብሎ ጨርቁን ይዞ ወረደ።

እኔ ምንም አላልኩም። ዝም በል ተብያለሁ፤ የታዘዝኩትን ፈጸምኩ።

አራቱንም ወለወለ። እውነቱን ለመናገር አበሩ። ተመልሶ ገባና ነዳጅ ሰጣት። ጎማው ዞረ፤ መኪናዋ አልሄደችም። ደገመ። ጭቃው ተነስቶ የሄደው ወደ ጭነቱ ነው፤ ጭነቱ ላይ ደግሞ እኔና ትርፉ ጎማ ነን። በሦስተኛው ሆዷ መሬት ነካ። የሚያበራው ቸርኬ የት እንደነበር የሚያውቀው የነበረ ብቻ ነው።

ከኋላችን ኮቴ ሰማን። የማዶዎቹ ሦስት ሽማግሌዎች በሦስት በቅሎ ናቸው፤ ጋቢያቸው ላይ ጠብታ የለም።

«እግዜር ያበርታችሁ!» አሉን፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው እንደሚባለው።

«አብሮ ያበርታን» አሉ መምሬ፤ ምን ይበሉ?

የመጨረሻው በቅሎውን ያዝ አደረገ። «ሽማግሌ ናችሁ ወይስ መኪና ገፊ?»

«እንደ መንገዱ ነው» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

መኪናዋን ከነዘርጋው ትተን ሦስታችን በእግር ተነሳን። መረሬ ሲረግጡት አይለቅም፤ እግር ባነሱ ቁጥር መሬቱ አብሮ ይነሳል። የመምሬ አንዱ ጫማ እዚያው ቀረ። እኛ አጥሩ ጋ ስንደርስ ከውስጥ የአቶ እንግዳሸት ድምፅ ተሰማ፦ «ተቀመጡ!» ሽማግሌ ልመናው ካልተሰማለት አይቀመጥም። ለማዶዎቹ ነው ያሉት።

እኛንም በክብር ተቀበሉን፤ ቃላቸው እንደነበረው በእንግድነት። የእግር ውሃ ቀረበ። ለእኔ ሲደርስ ውሃው ከእኔ ይልቅ ጭቃ ነበር።

ስንዱ ከበረንዳው አልገባችም። እኛን አላየችንም፤ ዓይኗ ሜዳው ላይ ነው። ዞር ብዬ አየሁ። ከጥቁሩ አፈር መሃል አንዲት ቢጫ ነገር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ዘርጋው የፊቱን ቸርኬ እየወለወለ ነው። ልጅቱ ጥቂት አየችው። ከዚያ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ምሳ ተበልቶ የማዶዎቹ ከተሸኙ በኋላ አቶ እንግዳሸት በሬዎቻቸውን ጠምደው ከእኛ ጋር ወረዱ። ደግ ሰው ናቸው። ገመድ አስረው «ሃ!» ሲሉ በሬዎቹ ሆዳቸው ድረስ ጭቃ እየሆኑ ጎተቱና መኪናዋ እየጮኸች ወጣች። ሰውየው ወደ ጎማው ጎንበስ አሉ። በአውራ ጣታቸው ጭቃውን ጠረግ ሲያደርጉት ከስሩ ብልጭ አለ።

«ይኼ ነው የነገሩኝ?»

«አዎ ጋሼ» አለ ዘርጋው። ጨርቁ አሁንም በእጁ ነው፤ ቢጫ መሆኑ ግን ቀርቷል።

«ምን ይሠራል?»

«ያበራል።»

«ሌላስ?»

ዘርጋው አሰበ። «ጭቃ ይፈራዋል ብሎኝ ነበር ሻጩ።»

አቶ እንግዳሸት በሬዎቻቸውን አዩ። በአንድ ጫማ የቆሙትን መምሬን አዩ። ከዚያ እኔን፣ እስከ ቅንድቤ ጭቃ የሆንኩትን፣ አዩኝ፤ በዚያ ቀን ሰው ያየኝ ያን ጊዜ ነው። ገመዱን እየፈቱ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ፣ እንዲህ አሉት፦ «አይ ልጄ፣ ቸርኬ ቢያበራ፣ ጭቃ መች ይፈራ!»