ሀብታም የጠፋበት ግቢ

ተረት ተረት! «የላም በረት» አላችሁኝ? እሰይ። ላሚቱን እንኳ ድርቁ ወስዷታል፤ በረቱ ግን አለ። የኔም ተረት በረቱ ያለበት ግቢ ውስጥ ነውና ጠጋ በሉ።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት፣ በዚያ ግቢ አንድ ጎተራ ነበር። ሆዱ የተነፋ፣ በጭቃና በእበት የተለሰነ፣ አናቱ ላይ የሣር ክዳን የደፋ ጌታ። ሆዱ ውስጥ ገብስ ጢም ብሏል። ከሆዱ ሥር እህል የሚወጣባት ቀዳዳ ነበረች፤ ቀዳዳዋን ደግሞ አንድ አሮጌ ጨርቅ ወትፏት ይኖራል። ስሙ ውታፍ ነው። ውታፍ ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ለገብሱ ሰጥቶ ይውላል እንጂ አንዲት ፍሬ ቀምሶ አያውቅም።

ያን ሁሉ ገብስ ከአውድማ እያመላለሰች ያስገባችው እመት አህያ ናት። እመት አህያ እርጉዝ ነበረች። ጎኗ ተጣብቆ አጥንቷ ይቆጠራል። ካልበላች ውርንጭላዋ ከሆዷ ውስጥ እንደሚቀር ታውቃለች፤ ሌላ የምታውቀው ነገርም አልነበራት።

በዚያ ዓመት በግቢው ምርጫ ሆነ። «ያለው ለሌለው ያካፍል!» የሚለው የባዶ ሆዶች ማኅበር ተወዳደረ። ድምፅ የሚሰጠው ጠጠር በመጣል ነው፤ ጠጠሩም የሚጣለው እመት ማሰሮ ውስጥ ነው። አህያ ጣለች፣ አውራ ዶሮ ጣለ፣ አይጥ ጣለ፣ ማሰሮም ለራሷ በራሷ ውስጥ ጣለች። ውታፍ እንኳ ከቀዳዳው ሳይነቃነቅ በአይጥ አስጣለ። ከጎተራው በቀር ግቢው በሙሉ የባዶ ሆዶች ወገን ሆነ። እልል ተባለ። አያ አውራ ዶሮም ድምፁ ያምራልና ሊቀ መንበር ሆነ።

ሊቀ መንበሩ አጥሩ ላይ ወጥቶ ጮኸ፦ «ኩኩሉ! ስብሰባው እንደ አባቶቻችን አውጫጭኝ ነው። ነገሩ ሳይቆረጥ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የሚል የለም!»

በሩ በእሾህ ተዘጋ። እመት አህያ እስካሁን ወንዝ ወርዳ የደረቀ አገዳ ታኝክ ነበር። አሁን አገዳውም ቀረ። መርጣ ጾም ገባች ማለት ነው።

«ያለው ለሌለው ያካፍል የምትሉ?» አለ ሊቀ መንበሩ። «ክንፍ ያለው ክንፉን፣ ጭራ ያለው ጭራውን፣ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያንሳ!»

ሁሉም አነሱ። ማሰሮም ጆሮዋን አነሳች።

«ተስማማን እኮ!» አለች አህያ ደስ ብሏት። «በሉ እንግዲያው ውታፉን እንንቀለው!»

የተነሳው ክንፍና ጭራ ሁሉ ዝቅ አለ።

«ቀስ፣ እመት አህያ፣ ቀስ!» አለ አውራ ዶሮ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ በአራቱም እግሬ መቆም አቃተኝ።»

«ምን ቀስ አለ!» ብሎ ዘለለ አያ አይጥ። «ጎተራው ከነመሠረቱ ይገልበጥ! ይቃጠል! አመድ ይሁን!»

«አያ አይጥ፣ እኔ አመድ አልበላም። ገብሱ ይበቃኛል» አለች አህያ።

«አየሽ፣ አንቺ ቆራጥነት ይጎድልሻል!» አላት አይጥ።

እመት ማሰሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከምርጫው ወዲህ ሆዷ በጠጠር ሞልቶ ኮራ ኮራ ይላታል። «እኔን ደግሞ ጎተራ ይነካ ስትሉ ይሰቀጥጠኛል። እሱም ጭቃ፣ እኔም ጭቃ። ነገ ሰፋ ስል ጎተራ መሆኔ አይቀርም። ያኔ የኔን ልትነቅሉ ነው?»

አህያ ተስፋ ቆርጣ ወደ ቀዳዳው ዞረች። «ወንድሜ ውታፍ፣ አንተም የኛው ወገን ነህ። ትንሽ ፈቀቅ ብትልልኝስ?»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ እኔ ከማኅበሩ ጋር ነኝ» አለ ውታፍ። «መፈቀቁን ግን ተይው። ጨርቅ ሆኜ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ዛሬ የጌታው የጎተራ ውታፍ እባላለሁ።»

ሊቀ መንበሩ ክንፉን አራገበ። «ጠቡ ሁሉ ሀብታም ማን እንደሆነ ስላልለየን ነው። መስመር እናስምር። ከመስመሩ በላይ ያለው ሀብታም ነው፤ ያካፍል። ከመስመሩ በታች ያለው ድሀ ነው፤ ይካፈል።»

በጥፍሩም የጎተራውን ሆድ ጫር አድርጎ ከአህያ ጉልበት ትይዩ መስመር አሰመረ። ከዚያ ቀና ቢል የራሱን ቆጥ አየ። ቆጡ ላይ ለክፉ ቀን ያስቀመጣት እፍኝ ገብስ አለች። ቆጡ ከመስመሩ በላይ ሆኗል።

«ኧረ በስማም! እኔ ጭሮ አዳሪ አይደለሁም እንዴ? ጭሮ አዳሪ ሀብታም ይባላል?» አለና መስመሩን አጥፍቶ ከቆጡ በላይ አሰመረ።

አይጥ ሳል ሳል አለው። የሱ ጎሬ ከበረቱ ጣሪያ ሥር ነው፤ ጎሬው ውስጥ ቁና ሙሉ ገብስ አለ። እንዴት እንደገባ እናንተም ታውቃላችሁ። «የኔ ሀብት አይደለም፤ የትግል ስንቅ ነው! ጎተራ የሚገለብጥ ታጋይ ባዶ ሆዱን ይታገላል?» አለ። መስመሩ ከጣሪያው እኩል ሆነ።

«እኔስ?» አለች ማሰሮ።

«አንቺ መሬት ላይ አይደለሽም?»

«ዛሬማ መሬት ላይ ነኝ። ነገ የምደርስበትን ነው እንጂ የምትለኩልኝ!»

እውነት ነው ተባለና መስመሩ ከጎተራው ክዳን ሥር ደረሰ። እመት አህያ መስመሩ ከፍ ባለ ቁጥር ዝቅ እያለች መጥታ፣ ይኼኔ ተኝታለች።

ጌታው ጎተራ እስካሁን አልተናገረም ነበር። አሁን ግን ሆዱን አሻሸና በለስላሳ ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ ፍርዳችሁ አስደሰተኝ» አለ። «ያቺን መስመር ከክዳኔ ጫፍ አንድ ጣት ከፍ ብታደርጓትኮ እኔም ባዶ ሆድ ነኝ። ምን አለኝና? ሀብታም ካላችሁ ያውላችሁ፣ ያ ኮረብታ! የሱ ሆድ ስንት ጎተራ እንደሚውጥ እስኪ አስቡት!»

ሁሉም ዞረው ኮረብታውን አዩት። እውነትም ትልቅ ነው።

«አያችሁልኝ?» አለ ውታፍ በደስታ እየተነፋ። «ጌታዬ የኛው ወገን ነው!»

መስመሩ ከክዳኑ ጫፍ በላይ ወጣና ጎተራው በጭብጨባ አባል ሆነ። አይጥም «ኮረብታው ይገልበጥ!» ብሎ ፎከረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ይኸው ነው። ነገሩ ተቆረጠና እሾሁ ተነሳ። አውራ ዶሮና አይጥ ማሰሮዋን ለሁለት ይዘው ሊወጡ ሲሉ አህያ ተጣራች፦

«እኔስ? መነሳት እኮ አልቻልኩም።»

«የምንሄደው ላንቺ ብለን አይደል? አይዞሽ፣ በርቺ!» አላት ሊቀ መንበሩ።

ሄዱ። አህያ በተኛችበት አፏ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ሆነ።

«ወንድሜ፣ ተነስልኝ። ውርንጭላዬ መንፈራገጡን ተወ።»

«ስብሰባው ይወስን» አለ ውታፍ።

አህያ ሲርባት ጨርቅ ትበላለች፤ ይህን አገር ያውቃል። ውታፉን በጥርሷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ገብሱ ሽርርር ብሎ ወረደ። እሷም እያለቀሰች በላች። ሆዷ ውስጥ ያ የቀረ እግር መታ አደረጋት።

ወደ ኮረብታው የሄዱት መልእክተኞች ሲመለሱ አይጥ ጥርሱን ሰብሮ ነበር። ኮረብታው፣ «ያለኝ ድንጋይ ነው፤ እንካችሁ፣ ከዚህ ጀምሩ» ብሏቸዋል። ግቢ ሲገቡ መሬቱ ገብስ በገብስ ሆኗል።

«ማን ፈቀደ?» አለ አውራ ዶሮ እየለቀመ።

«ያለ ውሳኔ!» አለ አይጥ ጉንጩን እየሞላ።

«ሥርዓት የለም እንዴ!» አለች ማሰሮ። ጠጠሩን አስደፍታ ቀዳዳው ሥር ተደግናለች። እመት አህያ የማኅበሩን አንድነት ስለ ጣሰች በሙሉ አፍ ተወገዘች።

ሁሉም ጠግበው ሲያገሱ በበሩ በኩል አንዲት ከሲታ ሚዳቋ ብቅ አለች። እርጉዝ ነበረች። ጎኗ ተጣብቆ አጥንቷ ይቆጠራል።

«የባዶ ሆዶች ማኅበር እዚህ ነው ብለውኝ ነው» አለች። «ያለው ለሌለው ያካፍላል አሉ።»

አውራ ዶሮ ቀና ብሎ መስመሩን አየ። «ያካፍላል እንጂ! ግን ሁላችንም ከመስመሩ በታች ነን። ለነገሩ ገብሱ እንዳይባክን ውታፉ ወደ ቦታው ይመለስ የምትሉ?»

ክንፍ ተነሳ። ጭራ ተነሳ። የማሰሮ ጆሮ ተነሳ። ተበጫጭቆ የወደቀው ውታፍ ራሱ «እኔም! እኔም!» አለ። የቀረችው አህያ ናት። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

እመት አህያ የሚዳቋዋን አጥንት አየች። ታውቀዋለች፤ ትናንት የራሷ ነበር። ሆዷ ውስጥ ውርንጭላው መታ አደረጋት። ነገ ቢያልቅስ ብላ አሰበች። ከዚያም ጆሮዋን ቀስ አድርጋ አነሳች።

ውታፍም ተመልሶ ተወተፈ። እመት አህያ ሚዳቋዋን ዓይኗን ሳታይ፣ «እህቴ፣ ሀብታም ፈልገሽ ከሆነ ያንን ኮረብታ ብትሞክሪው» አለቻት።

አባቶች «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላሉ። አይመስለውም እንዴ? አሳምሮ ያውቀዋል፤ መስመሩን ነው ከፍ የሚያደርገው።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱ ግን አልላችሁም፤ ዳቦው ከመስመሩ በላይ ነው በታች ብላችሁ ስብሰባ ትቀመጡብኛላችሁ።