የማትቆጣዋ ወፍ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ግመል አርቢ» አሉ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሽ ምትኩ። ቆላ የተመደበ አንድ ወጣት አስተማሪ ሊሰናበታቸው መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ያሉት ልጆች በስልክ ጨዋታ ፊደል ለዩ ይሉኛል። ጨዋታ እንዴት ትምህርት ይሆናል?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ይህ ግመል አርቢ ውሃና ሣር ተከትሎ የሚዞር ነውና ለሴት ልጁ የሚሆን ትምህርት ቤት አልነበረም። የሚያውቀውን ግን አስተማራት። አሸዋ ላይ ዱካ እያሳየ «የየትኛዋ ግመል ነው?» ይላታል። ከሳተች የዚያን ቀን ወተት ይከለክላታል፤ እሱም የተማረው እንዲሁ ነው። ልጅቱ ሰባት ዓመት ሲሞላት መልስ መስጠቱን ተወችው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አባት ግን «ልጄ ፈዛዛ ናት» እያለ አንጀቱ አረረ።

አንድ ቀን የፊደል ጨዋታ ያለበት፣ በፀሐይ የሚሞላ ስልክ ለሕፃናት የሚያድሉ ሰዎች መጡ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ግራር ሥር ቁጭ ብላ ስትስቅ ትውላለች። አባቷ ጠጋ ብሎ ቢያይ፣ ተሳስታ ነው የምትስቀው። ደሙ ፈላ። «ተሳስቶ መሳቅ ደግሞ ትምህርት ሆነ?» ብሎ ነጠቃት፤ ለሰጪዎቹ ሊመልሰውም ቆረጠ። ልጅቱ አላለቀሰችም። እንደ ድሮዋ ዝም አለች።

እኩለ ቀን ላይ ብቻውን ሲሆን «እስቲ ምን አዚም አለበት?» ብሎ ከፈተው። አንዲት ወፍ የፊደል ድምፅ ታሰማና ከተደረደሩት ፊደላት አንዱን ንካ ትላለች። ነካ፤ ሳተ። ወፏ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደገና ጠራችለት። ደግሞ ሳተ። ሰው አይቶኝ ይሆን ብሎ ዞር ዞር አለ። ወፏ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችበትም፣ ትጠብቀዋለች። በስምንተኛው ሲያገኘው ክንፏን አርገበገበች፤ እሱም ጥርሱን ገልጦ ሳቀ። ቀና ቢል ልጁ ቆማለች።

«አባዬ፣ እኔም መጀመሪያ የሳትኩት እዚያው ላይ ነው» አለችው።

ያ ኩሩ ሰው አፈረ። ስልኩን መለሰላትና አሸዋው ላይ አንድ ዱካ አሳያት። ሳተች። ከጮጮው ወተት ቀድቶ ሰጣትና «ጠጪና እንደገና እዪው» አላት። ደግማ ሳተች። በሦስተኛው ግን «የነጯ ነው፤ የቀኝ እግሯን ትጎትታለች» አለች። እሱ ራሱ መጎተቷን ልብ አላለም ነበር። ለካ የልጅቱ ዓይን ከእሱ ይስላል።

ጋሽ ምትኩ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ ያችን ወፍ የማደንቃት ፊደል ስለምታውቅ አይደለም። ፊደልማ እኔም አንተም እናውቃለን። በእሷ ፊት ግን ልጅ ሲሳሳት አይፈራም፤ ስለማይፈራም ደግሞ ይሞክራል። ጨዋታ ትምህርት የሚሆነው በዚህ ነው። አንተም ስትሄድ እንደሷ ሁን። እኔ ስንቱን አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፣ ሲያገኙኝ ጉልበቴን ይስማሉ። ዝም ያሰኘኋቸው ግን አንድም ቀን መጥተው አያውቁም።»